ብሎክ ፖሊመሩ አልያያዝ አለ፤ ኮከቡም ረጋ፦ በውሃ ለሚሠራ የማተሚያ ቀለም

ጥያቄ (ከደብረ ብርሃን)
ጤና ይስጥልኝ። ለካኪ ወረቀት ከረጢት በምንሠራው የፍሌክሶ (በተጣጣፊ የኅትመት ቅርጽ የሚታተም) ቀለም ውስጥ ሰማያዊው ፒግመንት (የማይሟሟ የቀለም ዱቄት፣ ቁጥሩ 15፡3) ሳምንት ሳይሞላው እየወፈረ ይዘቅጣል። ፒግመንቱን የሚበትን አክሪሊክ ብሎክ ፖሊመር (የተለያዩ ክፍሎች ተቀጣጥለው የሚሠሩት ሰንሰለት) በራፍት ዘዴ (ሰንሰለቱን በቁጥጥር፣ ብሎክ በብሎክ በሚያሳድገው) ሞከርን፦ ኤታኖል ውስጥ በ75 ዲግሪ፣ መጀመሪያ ቡቲል አክሪሌት፣ ከዚያ እንዲሟሟ ጥቂት አሞኒያ፣ በመጨረሻ ሜታክሪሊክ አሲድና ቡቲል ሜታክሪሌት። አሞኒያው ሲገባ ሮዝ መልኩ ጠፋ፤ ሁለተኛው ብሎክም አልቀጠለም። የኮከብ ቅርጹን (ብዙ ሰንሰለቶች እንደ ክንድ መሃል ላይ የሚያያዙበትን) ለመሥራት ደግሞ ማያያዣውን ኤቲሊን ግላይኮል ዳይሜታክሪሌት ከሞኖመሩ (ከሰንሰለቱ መነሻ ሞለኪውል) ጋር አብረን ጨመርን፤ ድስቱ ውስጥ ረጋ። ምን ይስተካከል?

መልስ (ከሸዋ ሮቢት)
ወንድሜ፣ ሮዙ መልክ የዳይታዮቤንዞኤቱ (የራፍት መቆጣጠሪያው የሰልፈር ውህድ) ነው፤ ሰንሰለቱ ጫፍ ላይ ተቀምጦ ቀጣዩን ብሎክ የሚያስቀጥለው እሱ ነው። አሞኒያ ይቆርጠዋል። መልኩ ከጠፋ በኋላ የሚጨመረው ሞኖመር ለብቻው ሌላ ፖሊመር ይሆናል እንጂ ከቀደመው ጋር አይያያዝም። አሞኒያ የሚገባው ሁሉም ብሎክ ካለቀ በኋላ ነው።

አሞኒያው ባይገባም እንኳ ቅደም ተከተሉ አያስኬድም። የአክሪሌት ሰንሰለት ለሜታክሪሌት በቀላሉ ቦታ አይለቅም፤ ሜታክሪሌት ይቅደም። ቡቲል አክሪሌቱን ግን ጭራሽ ብትተወው ይሻላል። ሰማያዊውን ፒግመንት ጨብጦ የሚይዘው የቤንዚን ቀለበት ያለው ቤንዚል ሜታክሪሌት ነው።

መልስ (ከመሐል ሜዳ)
ስለ ሙቀቱ ልጨምር። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,840 ሜትር ስለሆነች ኤታኖል እዚያ በ70 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። 75 ብለው የሚያነቡት የማሞቂያውን ሙቀት ነው፤ ውስጡ እየፈላ ናይትሮጅኑንም ይዞ ይወጣል። በዚያ ላይ የቤንዚል ሜታክሪሌት ብሎክ ኤታኖል ውስጥ አይሟሟም፤ ድፍርስ ይላል። ሜቶክሲ ፕሮፓኖል ይጠቀሙ።

ለ5,000 ሞለኪውላዊ ክብደት መነሻ ይህ ነው። ቤንዚል ሜታክሪሌት 40 ግራም፣ ሜቶክሲ ፕሮፓኖል 100 ግራም፣ የካርቦክሲል ጫፍ ያለው ዳይታዮቤንዞኤት (ሞለኪውላዊ ክብደቱ 279) 5.6 ግራም፣ ኤአይቢኤን (ኢኒሼተሩ፣ ማለትም ሰንሰለቱን የሚያስጀምረው) 0.66 ግራም። ናይትሮጅን ግማሽ ሰዓት ይንፉበት፣ 70 ዲግሪ ላይ ሌሊቱን ያሳድሩት። ከዚያ ናይትሮጅን የተነፋበት ሜታክሪሊክ አሲድ 30፣ ቡቲል ሜታክሪሌት 30፣ ኤአይቢኤን 0.33 ግራም ጨምረው እንደገና ያሳድሩ። ኢኒሼተር ማብዛት ቶሎ የሚያስጨርስ ይመስላል፤ ሥራው ግን የሞቱ (ቀጣዩን ብሎክ የማይቀበሉ) ሰንሰለቶችን ማብዛት ነው።

የአሲድ ቁጥሩ (የአንድ ግራም ፖሊመር አሲድ የሚፈልገው የፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ሚሊግራም) 195 አካባቢ ይሆናል። ከአሲዱ 90 በመቶውን ገለልተኛ ለማድረግ 25 በመቶ አሞኒያ 22.6 ግራም ይበቃል። ያኔ ሮዙ ሲጠፋ አይደንግጡ። የሰልፈር ሽታ ስለሚተርፈው ግን ምግብን በቀጥታ ለሚነካ ማሸጊያ አይሁን።

መልስ (ከዓለም ከተማ)
ኮከቡ የረጋው ማያያዣው ከመጀመሪያው ስለገባ ነው፤ ክንዶቹ ሳይረዝሙ ሁሉም እርስ በርሱ ተጠላለፈ። ክንዱ ይቅደም፣ ማያያዣው በመጨረሻ። 5,000 ክብደት ያለው ክንድ 20 ግራም ቢሆን 0.004 ሞል ነው፤ ለአንድ ክንድ 8 ማያያዣ ብትል ዳይሜታክሪሌቱ 6.3 ግራም ይሆናል። በ4፣ በ6 እና በ8 ትንንሽ ብልቃጥ ሞክር። ጠጣሩ ከ20 በመቶ አይለፍ፤ ከወፈረ ኮከብ ከኮከብ ይያያዛል። ትንሽ ኢኒሼተርም አትርሳ።

እንደ እኔ ግን ለዚህ ቀለም ኮከብ አያስፈልግህም። ጥቅሙ በተመሳሳይ ክብደት ከቀጥተኛው ሰንሰለት ያነሰ መወፈሩ ነው፤ አንተን የቸገረህ የፒግመንት መያዝ ነው። ቀለሙን ከወረቀቱ ለሚያጣብቀው ሬዚንም ብሎክ ማብሰል ገንዘብ ማቃጠል ነው፤ የተዘጋጀ ስታይሪን አክሪሊክ ኢመልሽን (ውሃ ውስጥ የተበተነ ፖሊመር) ግዛ።

ጠያቂው
እግዜር ይስጥልኝ። መጠኑ ከፒግመንቱ ጋር እንዴት ይለካል? አሞኒያው ይብነን ይሆን?

መልስ (ከሸዋ ሮቢት)
ለ100 ግራም ፒግመንት 10፣ 15፣ 20፣ 25፣ 30 ግራም ደረቅ ፖሊመር እያስገባህ አምስት ናሙና ፍጭ። እኩል ሰዓት፣ እኩል የመፍጫ ዶቃ ይሁን። ከሁሉ የቀጠነውን ያዝ፤ ከዚያ በላይ የሚጨመረው ውሃው ውስጥ ተንሳፍፎ መልሶ ያወፍራል። ለጥቁር ካርቦን መጠኑ ከፍ ይላል። ሜቶክሲ ፕሮፓኖሉ ከበዛም ፖሊመሩን ከፒግመንቱ ላይ ያላቅቀዋል፤ ከመፍጨትህ በፊት በቫኪዩም አውጣው።

አሞኒያ ይበናል። ፒኤች ከ8 ሲወርድ ሬዚኑ ከውሃው መለየት ይጀምርና ቀለሙ ማተሚያው ላይ ይወፍራል። እዚህ ቆላው ላይ ግማሹን በዳይሜቲል ኢታኖል አሚን መተካት ይረዳል፤ ሙሉ በሙሉ ከተተካ ግን ኅትመቱ ቶሎ ውሃ አይቋቋምም። በእናንተ በኩል የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ሌላ ጣጣ አለው፤ ባልዲውን ሲሚንቶ ወለል ላይ አታሳድረው፣ እንጨት ይነጠፍለት። አንዴ በረዶ የሠራ ኢመልሽን ብታማስለውም አይመለስም።