ኮንዶሚኒየሙ የእኔ፣ ዕዳው የሁለታችን?

የጀሞዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ከባለቤቴ ጋር ልንፋታ ነው። ሽማግሌዎቹም ደክሟቸው ተነስተዋል። በፍቺው ተስማምተናል፤ የተጣላነው በቤቱና በዕዳው ነው።

ቤቱ ጀሞ ያለ ባለ አንድ መኝታ ኮንዶሚኒየም ነው። ዕጣው የወጣልኝ ከሰርጌ ሦስት ዓመት በፊት ነው። ቅድሚያውን 20 በመቶ ከአስተማሪነት ደመወዜ ቆጥቤ ከፈልኩ። የባንኩን ወርሃዊ ግን ከተጋባን በኋላ 8 ዓመት አብረን ከፍለናል። ሴራሚኩን ያስነጠፈው እሱ ነው። አሁን «ግማሹ የኔ ነው» ይላል።

ዕዳው ደግሞ ሁለት ነው። አምና 120 ሺህ ብር ዕቁብ በላ፤ ዋስ ሆኜ የፈረምኩት እኔ ነኝ። ለልጆቹ ትምህርት ቤትና ለአስቤዛ አለቀ፤ ገና 14 ሳምንት ይጣላል። ሌላው ከጓደኛው ተበድሮ አይሱዙ ላይ በሽርክና የገባበት 300 ሺህ ነው። ይሄንን የሰማሁት አበዳሪው በሬን ሲያንኳኳ ነው። ይሄንንም ልካፈል?

ደረሰኝ ሰብሳቢዋ፦
እህቴ፣ የባንክ ደብተርሽን ያዢ። እኔ ቤቱ በስሜ ስለሆነ የብቻዬ መስሎኝ ነበር። ዳኛዋ ግን «መቼ ተገዛ? በምን ገንዘብ?» ነው ያሉኝ። በትዳር ውስጥ የተገዛ ስለነበር ግማሹ ሄደ። አንቺን ግን ይሄው ጥያቄ ይጠቅምሻል።

አባ ሴራሚክ፦
እኔ በባልየው ቦታ ነበርኩ። 8 ዓመት የከፈለ ሰው ሻንጣውን ብቻ ይዞ ይውጣ? ደግሞ አይሱዙው ቢያተርፍ ኖሮ «አልካፈልም» ትይ ነበር?

የቤተሰብ ችሎት ጠበቃ፦
አባ ሴራሚክ ነገሩን ነካክቶታል። አዲስ አበባ የሚሠራው የቤተሰብ ሕግ አዋጅ 213/1992 ነው፤ ክልሎች የራሳቸው አላቸው። ከጋብቻ በፊት የነበረሽ ንብረት የግልሽ ነው (አንቀጽ 57)፤ የግል ነው የምትይውን የማስረዳት ሸክም ግን ያንቺ ነው። በትዳር ጊዜ የሚገኝ ደመወዝ ግን የማንም ይሁን የማን የጋራ ነው። ስለዚህ ቤቱን ሳይሆን የ8 ዓመቱን ክፍያና የሴራሚኩን ወጪ ግማሽ ሊጠይቅሽ ይችላል።

ዕቁቡ ለቤት ስለዋለ የሁለታችሁም ዕዳ ነው። እሱ ባይጥል ደግሞ ዕቁብተኞቹ ዋሱን ነው የሚይዙት፤ አትከራከሪ፣ ጣይው፣ ደረሰኙን በክፍፍሉ ጊዜ አቅርቢ።

የ300 ሺው ሌላ ነው። ከ100 ብር በላይ ብድር የሁለቱንም ስምምነት ይፈልጋል (አንቀጽ 68)። አዎ፣ መቶ ብር! እንዲህ ያለ ዕዳ መጀመሪያ ከእሱ የግል ንብረት ይከፈላል፤ ከሌለው ግን ወደ ጋራው ይዞራል። ይህ እንዳይመጣብሽ ብድሩ እንዲፈርስ ፍርድ ቤቱን ጠይቂ። ግን ካወቅሽ 6 ወር ካለፈ አይሰማሽም፤ ባታውቂም ከብድሩ 2 ዓመት ካለፈ ያው ነው። የአይሱዙውን ድርሻ ደግሞ የጋራ ንብረት ዝርዝር ውስጥ አስገቢው። ዕዳውን ብቻ እያወራ መኪናውን ዝም ያለ ባል ብዙ አይቻለሁ። መቼ ነው ያወቅሽው?

የጀሞዋ፦
ሰውየው የመጣው በመስቀል ማግስት ነው። ደመራ ያመሸሁበት ነጠላ ገና አልታጠበም ነበር።

የቤተሰብ ችሎት ጠበቃ፦
ዛሬ የካቲት 28 ነው። ቁጠሪ።

የጀሞዋ፦
ሰኞ ጠዋት ከክፍለ ጊዜዬ በፊት እሄዳለሁ። አይሱዙው የቱ ጋራዥ እንደሚቆም ለማወቅ የባለቤቴን ታናሽ ወንድም ልጠይቅ ነው፤ እሱ እኔን አይዋሸኝም።