ስስ መጋዝ ከመስመር እየወጣ አስቸግሮኛል፤ ፍላፕን ከሞዴል ክንፍ ለመለየት ምን ይሻላል?

ትንሿ ክንፍ

ጤና ይስጥልኝ። በ1፡72 መጠን የተሠራ የአውሮፕላን ሞዴል እየገጣጠምኩ ነው። ከክንፉ ጋር አንድ ላይ ተቀርጾ የመጣውን ፍላፕ (በክንፉ የኋላ ጠርዝ ላይ ያለውን፣ ወደ ታች የሚዘረጋ ክፍል) ቆርጬ ለይቼ፣ ወደ ታች እንደተዘረጋ አድርጌ መልሼ ላጣብቀው አስቤ ነበር። ለዚህም ጀርባው በብረት የተደገፈ አነስተኛ መጋዝ ተጠቀምኩ። ይሁን እንጂ መጋዙ ገና ሁለት ሦስት ጊዜ እንደተመላለሰ ከመስመሩ ወጥቶ የክንፉን ገጽ ቧጠጠው። እንደምንም ከጨረስኩ በኋላም ፍላፑን ቦታው ላይ መልሼ ባስቀምጠው በመካከሉ ብርሃን የሚያሳልፍ ክፍተት ተፈጥሯል፤ የተቆረጠው ጠርዝም እንደ ቀለጠ ሻማ ተንጠባጥቦ ደርቋል። አንዱ ክንፍ ገና አልተነካም። እሱን ከመጀመሬ በፊት ጥፋቱ የመጋዙ ይሁን የእጄ ብትነግሩኝ ደስ ይለኛል።

ባለ ሞርሳ

ከሁለቱም ነው፤ ነገር ግን ከመጋዙ ልጀምር። ማንኛውም መጋዝ የውፍረቱን ያህል ፕላስቲክ ይበላል። የእርስዎ መጋዝ 0.3 ሚሊ ሜትር ቢበላ፣ ይህ በ1፡72 ሲሰላ በእውነተኛው አውሮፕላን ላይ ከ21 ሚሊ ሜትር በላይ መሆኑ ነው። ያዩት ብርሃን በዚያ በኩል የሚያልፈው ነው። ለእንዲህ ያለ ሥራ ጥርሶቻቸው በሞረድ ሳይሆን በኬሚካል ተበልተው የወጡ፣ ውፍረታቸው 0.1 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነ ስስ የብረት ምላጮች አሉ። እንደ እንጨት መጋዝ ጥርሳቸው ወደ ግራና ወደ ቀኝ ስላልተጣመመ የሚበሉት የራሳቸውን ውፍረት ያህል ብቻ ነው፤ በአንጻሩ ትንሽ ቢገፏቸው ይታጠፋሉ።

ስለዚህ የጥርሶቹን አቅጣጫ በማጉያ መነጽር ይመልከቱ። ወደ እጀታው ካዘነበሉ መጋዙ የሚቆርጠው ሲሳብ ነው፤ ስስ ምላጭ ሲሳብ ይወጠራል፣ ሲገፋ ግን ይጎብጣል፤ ከመስመር የሚወጣውም አብዛኛውን ጊዜ ያኔ ነው። በመልሱ ጉዞ ክብደትዎን ሙሉ በሙሉ ያንሱ። የቀለጠው ጠርዝ ደግሞ የፍጥነት ውጤት ነው። ሞዴሎች የሚሠሩበት ፖሊስታይሪን 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲደርስ ይለሰልሳል፤ በችኮላ የተሳበ ስስ መጋዝ ሰበቃው ብቻውን ጠርዙን ለማለስለስ ይበቃዋል። የለሰለሰው ፕላስቲክ ጥርሶቹ መካከል ሲጋገር መጋዙ መቁረጥ ትቶ መፋቅ ይጀምራል፤ በዚህ ጊዜ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ጠርገው ቀስ ብለው ይቀጥሉ።

አንድ ነገር ልጨምር። በአንድ ኢንች 52 ጥርስ ያለው መጋዝ ከጥርስ እስከ ጥርስ ግማሽ ሚሊ ሜትር ያህል ይራራቃል። አንድ ሚሊ ሜትር ውፍረት ባለው ፕላስቲክ ላይ ቀጥ አድርገው ካቆሙት በአንድ ጊዜ የሚነክሱት ሁለት ጥርሶች ብቻ ስለሚሆኑ ይንቀጠቀጣል፣ ይዘላል። መጋዙን ከፕላስቲኩ ገጽ ጋር 30 ዲግሪ ያህል እስኪሆን አስተኝተው ሲስቡት ግን አራት ጥርሶች ይነክሳሉ፤ ልዩነቱን እጅዎ ወዲያው ያውቀዋል።

ሞረድ

ከላይ የተባለውን አልቃወምም፤ ሆኖም ጥያቄው ስለ ፍላፕ ከሆነ እኔ ረጅሙን መስመር በመጋዝ አልነካም። ፊደል የሚቀረጽበትን ጠንካራ ተለጣፊ ጥብጣብ በመስመሩ ዳር እለጥፍና የቢላዋን ጀርባ በጥብጣቡ ጠርዝ ላይ አስደግፌ፣ ሳልጫን ደጋግሜ እስባለሁ። የቢላዋው ስለት ፕላስቲኩን ገፍቶ ግራና ቀኝ ጉብታ ያወጣል፤ ጀርባው ግን እንደ ቀጭን ፀጉር የተጠቀለለ ፍቅፋቂ እያወጣ ንጹሕ ቦይ ይቆፍራል። መጋዝ የሚያስፈልገኝ ለሁለቱ አጫጭር ጫፎች ብቻ ነው፤ እነሱንም በጥቂቱ ቦይ ካወጣሁላቸው በኋላ ነው የምቆርጠው። ቦይ የሌለው መስመር ላይ መጋዝ ማሳረፍ፣ የቱንም ያህል ስስ ቢሆን፣ ገጹን ለቧጨራ ማጋለጥ ነው።

ደግሞም የክንፉ የላይና የታች ግማሾች ገና ካልተጣበቁ ለየብቻ ይቁረጧቸው። ከተጣበቁ በኋላ ከላይ የጀመሩትን መስመር ከታችኛው ጋር ማጋጠም አድካሚ ነው።

ሰጋቱራ

ወደ ሬዚን (ፈሳሽ ሆኖ ቅርጽ ማውጫ ውስጥ ከፈሰሰ በኋላ የሚጠነክር ፕላስቲክ) ክፍሎች የሚሻገሩ ከሆነ ነገሩ ይለያል። ሬዚን አይቀልጥም፣ ይሰበራል እንጂ። ክፍሉ ከቆመበት የመውሰጃ ግንድ (ሬዚኑ ሲፈስ ከክፍሉ ጋር አብሮ የሚወጣ ትርፍ ጉማጅ) ላይ ሲለዩት ከግንዱ በኩል ግማሽ ሚሊ ሜትር ያህል ትርፍ ትተው ይቁረጡ፤ ከአንድ ወገን ብቻ እስከ ጫፍ አይሂዱ፣ እያገላበጡ ከየአቅጣጫው ይግቡበት። ትርፉን ጠፍጣፋ ቦታ ላይ በተለጠፈ እርጥብ የብርጭቆ ወረቀት ያስተካክሉት። ብናኙ ለሳንባ ጎጂ ስለሆነ መጋዙንም እያረጠቡ፣ የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ አድርገው ይሥሩ። እኔ ይህን ቸል ብዬ ከሰዓታት ሥራ በኋላ ጉሮሮዬ ሲከረክረኝ አድሬያለሁ።

ክብ መስመር ከገጠመዎ ደግሞ የወርቅ ሠሪዎችን የክር መጋዝ ይሞክሩ፤ ምላጩን ሲያስሩ ጥርሶቹ ወደ እጀታው መመልከታቸውን ያረጋግጡ።

ትንሿ ክንፍ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። መጋዜን በማጉያ ስመለከተው ጥርሶቹ ወደ ፊት ያዘነበሉ ናቸው፤ ስለዚህ እስካሁን ስገፋው ነበር የሚቆርጠው ማለት ነው። ሁለተኛው ክንፍ እንደ ዕድል ሆኖ ስላልተጣበቀ የሞረድን ምክር ተከትዬ ረጅሙን መስመር በቢላዋ ጀርባ ቆፈርኩ፤ ከሃያ ጊዜ በላይ ከሳብኩ በኋላ በጣቴ ቀስ ብዬ ሳጥፈው ቀጥ ብሎ ተለየ። ጫፎቹን 0.1 ሚሊ ሜትር በሆነ ምላጭ፣ አስተኝቼ ቆረጥኳቸው፤ ምላጩ አንድ ጊዜ ታጠፈብኝ፣ ጥፋቱ ግን የራሴ ነበር፣ መልሱ ላይ ተጭኜው ነው። ፍላፑን ቦታው ላይ ሳስቀምጠው አሁን የሚታየው ቀጭን መስመር ብቻ ነው። በመጀመሪያው ክንፍ ክፍተት ላይ 0.25 ሚሊ ሜትር የሆነ የፕላስቲክ ሉህ ቀድጄ አጣብቄያለሁ፤ ሙጫው እስከ ነገ ከደረቀ በኋላ እሞርደዋለሁ።