ለጡት ካንሰር ደሴ ላይ የሚቀድመው የቱ ነው? የፕሮቲን ምርመራ ወይስ ቶሎ ሐኪም ጋ መድረስ?

መምህሩ፣ ደሴ፦ ሰላም የወሎ ልጆች። ጥያቄዬ ይህ ነው። አንዳንድ የጡት ካንሰር ሕዋስ ላይ ኸር-ቱ የሚባል ፕሮቲን ከመጠን በላይ ይበዛል። ያን ጊዜ ካንሰሩ ፈጣንና ጠበኛ ይሆናል። ከ100 ታማሚዎች ከ15 እስከ 20 የሚሆኑት እንዲህ ናቸው። ይህን የሚለይ ምርመራ አለ፤ ፕሮቲኑን የሚይዝ መድኃኒትም አለ። ለከተማችን የሚመደብ የሕዝብ ገንዘብ ለዚህ ይዋል ወይስ ሴቶች ቶሎ እንዲመረመሩ? እኔ ለፕሮቲኑ ምርመራ ነኝ።

ነርሷ፣ ኮምቦልቻ፦ ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና አልስማማም። እብጠቱ ብዙ ጊዜ አያምም። ስለማያም ዝም ይባላል። ጸበሉ ይሞከራል፣ ዱዓው ይደረጋል፣ ቅጠሉ ይታሰራል። ቆስሎ ሲፈነዳ ነው ወደ እኛ የሚመጣው። ያኔ የፕሮቲኑን ስም ብነግራት ምን ይረባታል? የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. ያስቀመጠው ግብ ግልጽ ነው። ከታማሚዎቹ 60 በመቶው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ደረጃዎች ይገኙ፤ ምርመራውም በ60 ቀን ይለቅ። መጀመሪያ እሱን እናሟላ።

ባዮሎጂ ያጠናው፣ ደሴ፦ እህቴ፣ ያልሽው እውነት ነው። ግን ቶሎ የተገኘ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። ኸር-ቱ የሕዋሱ ቆዳ ላይ ተቀምጦ «እደግ፣ ተባዛ» የሚል መልእክት ወደ ውስጥ ያስገባል። ጤነኛ ሕዋስ ላይ ቁጥሩ በአሥር ሺዎች ነው። ሲበዛ እስከ 2 ሚሊዮን ይደርሳል። ያኔ እርስ በርሱ እየተጣመረ፣ ከውጭ ትእዛዝ ሳይጠብቅ መልእክቱን ይልካል። ማንም ሳይነካው ሌት ተቀን የሚጮህ የበር ደወል በሉት። ሕዋሱ መባዛት ብቻ አይደለም፣ መንቀሳቀስም ይጀምራል። ከጎረቤቱ ጋር የሚያያይዘው ፕሮቲን ይቀንሳል። የወተት ቱቦውን የከበበውን ስስ ሽፋን የሚያሟሙ ኢንዛይሞች ይረጫል። ከዚያ ደም ውስጥ፣ አጥንት ውስጥ፣ ሳንባ ውስጥ ይገባል። ሰው የሚሞተው በብዛት በዚህ ሥርጭት ነው።

ነጋዴው፣ ፒያሳ፦ ታዲያ መልእክት የሚልከውን ፕሮቲን ሁሉ አፍኖ መገላገል ነዋ! ምን ያከራክራል?

ባዮሎጂ ያጠናው፣ ደሴ፦ አቦ፣ እንዲህ ቢቀልማ። ቲጂኤፍ-ቤታ የሚባል ሌላ መልእክተኛ አለ። መጀመሪያ ላይ የሕዋሱን መባዛት የሚገታው እሱ ነው። ካንሰሩ ሲገፋ ግን ሕዋሱ እገዳውን መስማት ያቆማል፤ ያው ፕሮቲን ደግሞ ለመሸሽና ለመውረር ይረዳዋል። በጭፍን ብታፍነው ጠባቂህን ልታጠፋ ትችላለህ። ኸር-ቱ ላይ ነገሩ ስለተሳካ ሁሉም እንደዚያ ይመስለናል። መጀመሪያ መለየት የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው።

የላብራቶሪ ባለሙያው፣ ደሴ፦ ሁላችሁም ኸር-ቱ ላይ ተጣብቃችሁ ትልቁን ነገር አለፋችሁት። ለኸር-ቱ ምርመራ ከጡቱ ከተቆረጠችው ከዚያችው ቁራጭ ሥጋ የኤስትሮጅን ተቀባይ፣ ማለትም የሴቶቹን ሆርሞን የሚቀበል ፕሮቲን፣ መኖር አለመኖሩም ይታያል። አብዛኞቹ የጡት ካንሰሮች ይህ ተቀባይ አላቸው። ለእነሱ ታሞክሲፌን አለ። በአፍ የሚዋጥ፣ ርካሽ፣ ቢያንስ ለ5 ዓመት የሚወሰድ ክኒን። ሳይመረመር ቀርቶ ይህን ያጣች ሴት ናት የምታሳዝነኝ።

ለምርመራው ደሴ ላይ ማሽን ይገዛ የሚል ካለም ረጋ ይበል። አዲስ አበባ ከደሴ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በሰም የተደፈነ ናሙና ያን መንገድ ምንም ሳይሆን ይጓዛል፤ ለዓመታትም ይቀመጣል። የሚበላሸው ከዚያ በፊት ነው። ሥጋው እንደተቆረጠ፣ አንድ ሰዓት ሳይሞላ፣ ፎርማሊን ውስጥ፣ ማለትም ሥጋው እንዳይበላሽ የሚያደርገው ፈሳሽ ውስጥ፣ መግባት አለበት። እዚያም ከ6 እስከ 72 ሰዓት ይቆያል። እዚህ ላይ ከተዝረከረክን የተሻለ ማሽን ቢኖርም ተቀባዩ እያለ «የለም» ሊል ይችላል። ስለዚህ መጀመሪያ ጥሩ ፎርማሊን፣ ሰዓቱን የሚጽፍ ሰው፣ ናሙናውን የሚያደርስ መኪና።

ነርሷ፣ ኮምቦልቻ፦ ታሞክሲፌኑን ተቀብያለሁ፣ ወላሂ። ኸር-ቱ ላይ ግን ልጠይቅ። ውጤቱ ከ0 እስከ 3 ነው የሚሰጠው። 2 ከመጣ አልለየም፣ ሌላ ውድ ምርመራ ይከተላል። 3 ከመጣ ፕሮቲኑን የሚይዘው መድኃኒት፣ ትራስቱዙማብ ነው። በየሦስት ሳምንቱ በደም ሥር፣ ለአንድ ዓመት። ልብ ሊጎዳ ስለሚችል በኤኮ፣ በልብ አልትራሳውንድ፣ መከታተል አለባት። ከወረባቦ የምትመጣ እናት ይህን ከየት ታመጣዋለች? የማትደርስበትን መድኃኒት ነግሬ ልሸኛት?

መምህሩ፣ ደሴ፦ መድኃኒቱ እኮ ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዓለም ጤና ድርጅት መሠረታዊ የመድኃኒት ዝርዝር ውስጥ አለ። በ2019 ደግሞ ድርጅቱ ርካሽ አቻውን አጽድቋል። ስንት ሴት እንደሚያስፈልጋት ቁጥር ካልያዝን ማን ይገዛልናል?

ነርሷ፣ ኮምቦልቻ፦ ቁጥሩ እስኪሞላ የሚሞቱትስ ጋሼ?

የላብራቶሪ ባለሙያው፣ ደሴ፦ መድኃኒቱ ባይኖርም ኸር-ቱ መኖሩ ከታወቀ ሐኪሙ ኬሞውን ለመወሰን ይጠቀምበታል። ውጤቱ ከንቱ አይሆንም። ግን ነርሷ ያለችውም አለ፤ ያልሰማች ሴት ናሙና አትሰጥም። እኔ ካለኝ ገንዘብ ግማሹን ለሷ ሐሳብ፣ ሴቶች ቶሎ እንዲመጡ፣ እሰጣለሁ።

ነጋዴው፣ ፒያሳ፦ ግማሽ? ሁለት ሦስተኛ ነው እንጂ። ሰው ካልመጣ ፎርማሊኑን ማን ይጠጣው?

መምህሩ፣ ደሴ፦ አልተስማማሁም። ነገ ማታ እንቀጥላለን፤ የምርመራውን ዋጋ አጣርታችሁ ኑ።