«ሜዲቴሽን» በአማርኛ ምን ይባል?

አስተርጓሚዋ፦
ሰላም ለዚህ ቤት። ሁለት ቃል አቅቶኝ ነው የመጣሁት። እዚህ ሜሪላንድ፣ ሆስፒታል ውስጥ በአስተርጓሚነት እሠራለሁ። ሰሞኑን ሐኪሞቹ ለጭንቀቱም ለእንቅልፍ ማጣቱም ሜዲቴሽን ማዘዝ ይዘዋል። እነሱ የሚያዙት ዓይነት መነሻው የቡድሃ ትምህርት ነው። ጆን ካባት-ዚን የሚባል አሜሪካዊ በ1979 (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው) ማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርት ቤት ውስጥ ለሕመምተኛ እንዲሆን አድርጎ የስምንት ሳምንት ሥልጠና አወጣለት፣ ከዚያ ወዲህ ነገሩ ሆስፒታል ገብቶ ቀረ።

ባለፈው ለአንዲት ትልቅ ሴትዮ «ሐኪሙ በቀን አሥር ደቂቃ ተመስጦ ያድርጉ ይላል» ብዬ ተረጎምኩ። ቀና ብለው አዩኝ። «ልጄ፣ ባሕታዊ ሁኚ ነው የሚለኝ?» ሐኪሙ «ምን አሉ?» ይላል፣ እኔ ሳቄን እውጣለሁ።

ቤት ገብቼ ስለ ነገሩ ማንበብ ስጀምር ደግሞ ጭራሽ ባሰብኝ። የቡድሃ መምህራን የሜዲቴሽኑን መድረሻ ሲናገሩ ሰው እውነተኛ የሆነውን ነገሩን ያገኛል ይላሉ። እውነተኛ ምኑን? «እውነተኛ ማንነቱን» ብዬ ጻፍኩና መልሼ ሳነበው የቀበሌ መታወቂያው የጠፋበት ሰው መሰለኝ። እባካችሁ።

ፊደል ለቃሚ፦
ሴትዮዋ ልክ ናቸው። ተመስጦ ከግዕዙ «መሠጠ» ነው የመጣው። ነጠቀ፣ ቀማ ማለት ነው። ተመሠጠ ስትዪ ተነጠቀ ማለትሽ ነው፣ አካሉ እዚህ፣ እሱ ሌላ ቦታ። በዛሬው አማርኛም ብዙ አልራቀም። ልጅ ሆኜ እናቴ ጀበናውን ጠብቅ ብላኝ ትሄዳለች፣ ስትመለስ ቡናው ገንፍሎ ፍሙን አጥፍቶታል፣ ጭሱ ቤቱን ሞልቶታል፣ እኔ አጠገቡ ቁጭ ብዬ መስኮት መስኮቱን አያለሁ። «ምን ውስጥ ተመስጠህ ነው አንተ?» ትለኛለች። እንግዲህ ቡድሃ አድርጉ ያለው የዚህን ግልባጭ ነው። ስትቀመጥ መቀመጥህን እወቅ፣ ስትራመድ መራመድህን፣ ትንፋሽ ስታስገባ ማስገባትህን። ጀበናው ጋ መገኘት በለው።

ለዚህ በፓሊ ያለው ቃል «ሳቲ» ነው። ፓሊ የቀደሙት የቡድሃ መጻሕፍት የተጻፉበት ቋንቋ ነው። የሳቲ መሠረቱ ማስታወስ ነው፣ በሳንስክሪት፣ በጥንቱ የሕንድ ቋንቋ፣ ያለው ዘመዱ «ስምሪቲ» ጭራሹን ትዝታ ማለት ነው። ሐኪሞቹ አሁን የሚጠሩትን «ማይንድፉልነስ» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል የሰጡት ሪስ ዴቪድስ የተባሉ እንግሊዛዊ ምሁር ናቸው፣ በ1881። እኛ ግን ከዚያ የተሻለ አለን፦ ልብ ማለት። ልብ በል ሲሉህ እይ ነው፣ እንዳትረሳም ነው። ሁለቱም ጎን ተይዟል። ሌላ ቃል አትፈልጊ።

የደሴ ልጅ፦
ወንድሜ ልብ ማለት ጥሩ ነው፣ ግን እሱ ቅጽበት ነው። አንዴ ልብ ትላለህ አለቀ። አሥር ደቂቃ ቁጭ ብሎ ልብ ሲል የቆየ ሰው ታውቃለህ? ለእሱ «ቀልብን መሰብሰብ» አለልን። ቀልብ ይሸሻል፣ ቀልብ ይሰረቃል፣ ቀልብ ይሳባል፣ መልሰህ ትሰበስበዋለህ። ሥራው ራሱ እኮ ይሄ ነው።

ፊደል ለቃሚ፦
ቀልብ የአረብኛ ብድር ነው። «ቀልብ» እነሱ ጋ ልብ ማለት ነው። የራሳችን ልብ እያለ የጎረቤት ልብ ለምን እንበደራለን?

የደሴ ልጅ፦
ስንበደረው ጊዜ ሥጋውን ትተን ሐሳቡን ብቻ ነው የወሰድነው፣ ጥቅሙ እሱ ነው። የበግ ልብ ይጠበሳል፣ የበግ ቀልብ ግን አይጠበስም። አስብበት።

ሻይ በኪዮቶ፦
የደሴው ልጅ ሳያውቀው ትልቅ ነገር ተናግሯል። እዚህ ጃፓን የዜን (የቡድሃ ትምህርት አንዱ ቅርንጫፍ ነው) ገዳማት ውስጥ «ሰሺን» የሚባል ነገር አለ፣ ብዙውን ጊዜ ሰባት ቀን ይቆያል፣ ከእንቅልፍና ከምግብ የተረፈው ሰዓት አብዛኛው ግድግዳ ወይም ወለል እያዩ መቀመጥ ነው። ቃሉ ሁለት ፊደል ነው፣ የኋለኛው «ሺን» ልብ ነው፣ ይኸው እንደኛው ሥጋውም ሐሳቡም የሆነው ልብ። ትርጉሙን ልብ መሰብሰብ ብለው የሚፈቱት አሉ። ሰባት ቀኑን ሳስበው ደግሞ ሱባኤ ነው የሚመጣብኝ፣ እሱም ስሙ ከሰባት ነውና። የሕንዶቹ «ሳማዲ» ራሱ ሲፈታ አንድ ላይ ማኖር፣ መሰብሰብ ነው። ስለዚህ መሰብሰብ የሚለው ግስ ከየትም አቅጣጫ ብትመጡ ደጁ ላይ ታገኙታላችሁ።

ዜን የሚለውም ቃል ተሰዶ ተሰዶ ነው እዚህ የደረሰው። ትርጉሙ ይኸው ሜዲቴሽን ነው። ሳንስክሪቱ «ዲያና»፣ ፓሊው «ጃና»፣ ቻይና ሲገባ «ቻን»፣ ኮሪያ «ሶን»፣ ቬትናም «ቲየን»፣ ጃፓን «ዜን»። ማንም አልተረጎመውም፣ ሁሉም በየአፉ አለሰለሰው። እኛም «ሜዲቴሽን» ብለን ብንተወው በዓለም የመጀመሪያዎቹ ሰነፎች አንሆንም።

አስተርጓሚዋ፦
ተመስጦ እንግዲህ ወጣ። «ጥሞና»ስ? ብዙ ቦታ አይቼዋለሁ።

ፊደል ለቃሚ፦
ጥሞና ጥሩ ቃል ነው ግን ተይዟል። ጴንጤ ዘመድ ካለሽ ጠይቂ፣ «የጥሞና ጊዜ» ማለት የጸሎትና የመጽሐፍ ቅዱስ ሰዓት ነው። ደግሞ ጥሞና ሁኔታ ነው እንጂ ሥራ አይደለም። ፓሊው «ባቫና» ይለዋል፣ ማስገኘት፣ ማልማት፣ ልክ እንደ ማሳ። የሚታረም፣ የሚኮተኮት ነገር ነው እንጂ ዝም ብሎ ዝም ማለት አይደለም።

የደሴ ልጅ፦
ማሳው ከመጣ ጥጃውን እኔ ልጨምር። ቡድሃጎሳ የሚባል በአምስተኛው ክፍለ ዘመን ስሪላንካ ውስጥ ይሠራ የነበረ መምህር የጻፈውን አንዴ አንብቤ ከአእምሮዬ አልወጣም። የዱር ላም ጥጃ ወተቷን ጠጥቶ ያደገ፣ አትንኩኝ ባይ። ባለቤቱ ከእናቱ ይለየውና ችካል ተክሎ በገመድ ያስረዋል። ጥጃው ወዲህ ይዘላል ወዲያ ይዘላል፣ ገመዱን ይስባል፣ ማምለጥ ሲያቅተው እዚያው ችካሉ ሥር ይተኛል። ችካሉ ትንፋሽ ነው ይላል፣ ገመዱ ሳቲ። ጥጃ ያሰረ ሰው ይህን ሲያነብ ምን እንደሚሰማው ልነግራችሁ አልችልም። አጎቴ ጓሮ ያየሁት ነው። መጀመሪያ ያዙኝ ልቀቁኝ ይላል፣ ኋላ ደክሞት ሲያመሰኳ ታገኘዋለህ። ያ ጥጃ ቀልብ ካልሆነ ምንድን ነው?

አስተርጓሚዋ፦
ጥጃውን ወድጄዋለሁ። ሁለተኛውን ቃል ግን ሁላችሁም ዘላችሁታል።

ሻይ በኪዮቶ፦
«ማንነት»ን ተዪው፣ ጥሩ አድርገሽ ነው የሰረዝሽው። አንደኛ፣ እኛ አገር ማንነት ሲባል ሰው ጆሮው የሚቆመው ለሌላ ነገር ነው፣ ታውቂዋለሽ። ሁለተኛውና ዋናው፣ ቡድሃ «አናታ» ብሎ ያስተማረው ይሄ እኔ እኔ የምትለው ነገር ቋሚ ሆኖ የሚገኝበት ቦታ የለም የሚል ነው። ማንነት የለም እያለ ያስተማረን ሰው ማንነትህን አግኝ አስባልሽው ማለት ነው። ዶገን የሚባለው የ13ኛው ክፍለ ዘመን የጃፓን መምህርም የቡድሃን መንገድ መማር ራስን መማር ነው፣ ራስን መማር ደግሞ ራስን መርሳት ነው ይላል። (ይህን ለሆስፒታል እንዳትተረጉሚው። «ራሳቸውን ይሳቱ» ብለሽ ሌላ ጣጣ ታመጫለሽ።)

ዜኖቹ የሚሉት «ኬንሾ» ነው፣ ሲፈታ ባሕርይን ማየት። ማግኘት አይደለም፣ ማየት።

የቀድሞ ቆሎ ተማሪ፦
ልጆቼ፣ ባሕርይ የሚለውን ቃል ስታነሡ ቀስ በሉ። እኛ ጋ በነገረ መለኮት ደም የፈሰሰበት፣ ጉባኤ የተከፈለበት ቃል ነው። እንደ ጠባይ አድርጋችሁ አትወርውሩት።

ግን አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ ምናልባት ለልጅቷ ይጠቅማት ይሆናል። ባሕርይ በግዕዝ ሁለት ነው። አንዱ ይሄ የምታውቁት፣ የአንድ ነገር መሆኑ፣ ምንነቱ። ሁለተኛው ዕንቁ ነው። ከባሕር የሚወጣው ዕንቁ። በክብረ ነገሥት በአዳም ውስጥ ተቀምጦ ከዘር ወደ ዘር እየተላለፈ እስከ እመቤታችን የደረሰው ባሕርይ ተብሎ የተጻፈው ይኸው ዕንቁ ነው። አንድ ቃል፣ ዕንቁም ነው ምንነትም ነው።

ሻይ በኪዮቶ፦
ጋሼ፣ ይህን ሳነብ ብድግ ነው ያልኩት። ሎተስ ሱትራ በሚባለው የቡድሃ ትምህርት መጽሐፍ ስምንተኛው ምዕራፍ ላይ አንድ ድሃ አለ። ወዳጁ ቤት ሄዶ ጠጥቶ ሰክሮ ይተኛል። ወዳጁ በመንግሥት ጉዳይ በድንገት መንገድ ይወጣበትና ሊቀሰቅሰው ስላልቻለ ዋጋ የማይወጣለት ዕንቁ ልብሱ ገበር ውስጥ ሰፍቶለት ይሄዳል። ሰውዬው ይነቃል፣ አያውቅም፣ አገር ለአገር ይዞራል፣ ለዕለት ጉርሱ ይለፋል፣ ያገኛትን ታህል ይዞ ይበቃኛል ይላል። ኋላ ወዳጁ ያገኘውና «ምን ሆነህ ነው እንዲህ የምትንከራተተው፣ ልብስህ ውስጥ ሰፍቼልህ አልነበር?» ይለዋል። በቃ ይሄው ነው። በአማርኛ «ልብ ግዛ» እንላለን፣ እነሱ ግን የምትገዛው የለም፣ ገበርህን ዳስስ ነው የሚሉት። ባሕርይህን እይ ስትዪ በግዕዝ ጆሮ ዕንቁህን እይ ሆኖ ይሰማል። ሌላ ቋንቋ ይህን አጋጣሚ አግኝቶ ይሆን?

ፊደል ለቃሚ፦
ቆንጆ ነው። ግን እስካሁን ማንም «ሰምና ወርቅ» አለማለቱ ገረመኝ። ውጪው ሰም፣ ውስጡ ወርቅ፣ እውነተኛው ባሕርይ ወርቁ። አይሄድም?

ሻይ በኪዮቶ፦
የሚመጣ መሆኑን አውቄ ነበር። አይሄድም። ወርቅ አንጥረኛ ሲሠራ ሰሙ ይቀልጥና ወርቁ ባዶ በተወው ቦታ ይፈስሳል፣ ወርቁ በኋላ ነው የሚገባው፣ ያውም የሰሙን ቅርፅ ይዞ። ታታጋታጋርባ ሱትራ የሚባለው ስለዚሁ ባሕርይ ዘጠኝ ምሳሌ ይሰጣል፣ ንብ የከበበው ማር፣ ገለባ ውስጥ ያለ ፍሬ፣ ቆሻሻ ላይ የወደቀ ወርቅ፣ እንዲህ እያለ። መጨረሻው ወርቅ የፈሰሰበት የሸክላ ቅርፅ ነው። ላዩ በእሳት ጠቁሯል፣ የሚያየው ሰው ሸክላ ነው የሚለው፣ ወርቁ ግን ገብቶ ቁጭ ብሏል። የቀረው ሸክላውን መስበር ብቻ ነው። ስለዚህ ሰምና ወርቅ ሳይሆን «ሸክላና ወርቅ» በልልኝ።

ፊደል ለቃሚ፦
ተሸንፌያለሁ፣ ግን በአንጥረኛ እንጂ በአንቺ አይደለም።

የደሴ ልጅ፦
እስቲ «ቡድሃ» የሚለውስ? ሥሩ መንቃት አይደል? የነቃ። በአራዳ አማርኛ «ነቄ» ማለት ነዋ። ሲዳርታ ነቄው። 😂

የቀድሞ ቆሎ ተማሪ፦
ቀልዱን ትተን፣ ይህ ሰው አገራችን ከገባ ቆይቷል። በስሙ ግን አታውቁትም። ከዓለም ተሰውሮ ያደገ፣ በሽታና እርጅና ሞትም አይቶ መንግሥቱን የተወ የንጉሥ ልጅ ታሪክ በግዕዝ አለን፣ «በረላም ወይዋስፍ» ይባላል። በአፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ በ1553፣ የደብረ ሊባኖሱ እጨጌ ዕንባቆም ከአረብኛ የመለሱት ነው። ይዋስፍ የሚለው ስም ቦዲሳትቫ ከሚለው፣ ቡድሃ ከመንቃቱ በፊት ከሚጠራበት፣ የመጣ ነው፣ አረብኛ ላይ የበን ነጥብ የየ ነጥብ አድርገው ቢያነቡት ቡዳሳፍ ዩዳሳፍ ሆነ፣ ከዚያ እየተጠረበ እኛ ጋ ደረሰ። ስለዚህ የሕንዱ መስፍን ደብረ ሊባኖስ ክርስቲያን ሆኖ ገብቷል። እናንተ አሁን ለሰውየው ቃል ስትፈልጉ ዕንባቆም ከአራት መቶ ሰባ ዓመት በፊት ጀምረውላችኋል።

ሻይ በኪዮቶ፦
እንግዲህ አማርኛ ብቻ የሚሠራትን አንድ ልጨምርና ልተኛ፣ እዚህ ሌሊት ነው። ዜኖቹ ተማሪን የሚጠይቁት ጥያቄ አለ። ወላጆችህ ከመወለዳቸው በፊት ፊትህ ምን ይመስል ነበር? በጃፓንኛው «የመነሻው ፊት» ነው የሚሉት። አሁን በአማርኛ ድምፅ አውጥታችሁ አንብቡት። በፊት ፊትህ። የፊቱ ፊትህ። ጊዜውም ፊት፣ መልኩም ፊት። ቃሉ ራሱ ተጠማዞ ጥያቄው ውስጥ ይገባል።

አስተርጓሚዋ (ከሳምንት በኋላ)፦
ተመለስኩ። ፊደል ለቃሚን አምኜ «ልብ ማለት»ን ይዤ ነበር የሄድኩት። እኚያው ሴትዮ ናቸው። ወንበራቸው ላይ አመቻቸኋቸውና «እማማ፣ ዓይንዎን ጨፈን ያድርጉና ትንፋሽዎን ልብ ይበሉ» አልኳቸው።

«ልቤንማ ተይው ልጄ፣ እሱ ደክሞ አይደል እዚህ የምመላለሰው» አሉኝ።

ያልነገርኳችሁ፣ ክፍሉ የልብ ሕክምና ክፍል ነው። እኔም ለካ ልብ አላልኩም።

ከዚያ «እሺ እማማ፣ ቀልብዎን ትንፋሽዎ ላይ ይሰብስቡት፣ ሲሸሽ ደግሞ ይመልሱት» አልኩ። «እንዲህ አትዪኝም ነበር ከመጀመሪያው» አሉና ነጠላቸውን ሳብ አድርገው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ሐኪሙ ሰዓቱን አየ። እኔም ጨፈንኩ።

የደሴ ልጅ፦
የበግ ቀልብ አይጠበስም ብዬ ነበር።

ፊደል ለቃሚ፦
አሁንም ብድር ነው።