ሼባው ላፕቶፕ ይታደስ ወይስ ይሸኝ?

በሁለት ወር ውስጥ አራት ሰው ያንኑ ጥያቄ ጠየቀኝ። «ላፕቶፔ ይንቀራፈፋል፣ ላሳድሰው ወይስ ሌላ ልግዛ?» ባለሙያ አይደለሁም፣ ሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ግን በራሴ ማሽን፣ በእህቴ ላፕቶፕና በመሥሪያ ቤታችን ሁለት ዴስክቶፖች ሰበብ ብዙ ሱቅ ስለዞርኩ፣ አንዴ ጽፌው ልገላገል።

ዋጋ አልጽፍም። ብር ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያ ይወሰን ከተባለ ወዲህ የኤሌክትሮኒክስ ዋጋ ጽፎ ማስቀመጥ ከንቱ ልፋት ነው። በዛ ላይ ከ2018 መግቢያ ጀምሮ ራም፣ ማለትም ኮምፒውተሩ የተከፈተውን ሥራ ለጊዜው የሚይዝበት ሜሞሪ፣ በዓለም ገበያ ተወዷል። ፋብሪካዎቹ ምርታቸውን ለአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ዳታ ሴንተሮች ስላዞሩት ለእኛ የሚተርፈው አነሰ። ስለዚህ አምና ጓደኛችሁ ራም በስንት እንዳስጨመረ ሰምታችሁ ከሆነ እርሱት፣ በዛ ሒሳብ ከቤት አትውጡ።

የእኔው ኤችፒ ኤሊትቡክ 840 ጂ3 ነው። በ2016 እ.ኤ.አ. የወጣ ሞዴል፣ ፕሮሰሰሩ ኮር አይ5 6ኛ ጀነሬሽን (ትውልድ፤ ቁጥሩ ከፍ ሲል አዲስ ነው)፣ 8 ጊጋ ራም፣ 500 ጊጋ ሃርድ ዲስክ። ጠዋት አብርቼው ጀበናው ተጥዶ አቦሉ እስኪቀዳ ድረስ እሱ ገና እየተነሳ ነው። የሒሳብ ፕሮግራሙን ፒችትሪን ስከፍትማ ቶናውም ይደርሳል። ልጥለው ቆርጬ ነበር።

ከመጣላችሁ በፊት ግን አንድ ነገር አድርጉ። ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አንድ ላይ ተጫኑ። ታስክ ማናጀር ይከፈታል። ፐርፎርማንስ የሚለው ጋ ግቡና በተለመደው ሥራችሁ መሃል፣ ማለትም ብሮውዘር፣ ዎርድ፣ ምናምን ተከፍቶ እያለ፣ የትኛው እንደሚጨናነቅ እዩ። ዲስኩ 100 በመቶ ላይ ተሰቅሎ ፕሮሰሰሩ ዘና ብሎ ከተቀመጠ በሽታው ሃርድ ዲስኩ ነው። ራሙ ጢም ካለ ራም ነው። ፕሮሰሰሩ ራሱ ከ90 በላይ እየዋለ ከሆነ ግን እሱን በላፕቶፕ ላይ መቀየር በተግባር የለም በሉት፣ እንደ እኔው ባሉት ሞዴሎች ላይ ከቦርዱ ጋር የተበየደ ነው።

የእኔ ዲስክ 100 ላይ ነበር። በሃርድ ዲስኩ ቦታ ኤስኤስዲ የሚባለውን ፈጣን ማስቀመጫ አስገባሁ። አለቀ። አሁን ከ20 ሴኮንድ ባልበለጠ ይነሳል። ምክንያቱ ቀላል ነው፦ የድሮው ሃርድ ዲስክ ውስጡ የሚሽከረከር ሳህን ስላለው እያንዳንዱን ፋይል በየቦታው እየዞረ ይፈልጋል፣ በሴኮንድም ቢበዛ 100 ሜጋባይት አካባቢ ነው የሚያነበው። ሳታ የሚባለው የተለመደው ኤስኤስዲ ደግሞ ወደ 500 ሜጋባይት ይደርሳል፣ የሚሽከረከርም ነገር የለውም። ኤንቪኤምኢ የሚባለው ሌላው የኤስኤስዲ ዓይነት ከዛም በብዙ እጥፍ ይፈጥናል፣ ግን ላፕቶፓችሁ ቦታው ካለው ብቻ ነው፤ ለቢሮ ሥራ ደግሞ በሳታና በእሱ መሃል ያለውን ልዩነት ብዙም አትለዩትም። ስለዚህ ሻጩ በዚህ ሰበብ ዋጋ ሲሰቅል ዝም ብላችሁ እለፉት።

እዚህ ላይ የደረሰብኝን ልናገር። ኤስኤስዲውን ያስገባልኝ ሱቅ «ነገ ና» ብሎ አሳደረው። ስወስደው ፈጥኗል፣ ደስ ብሎኝ ከፍዬ ወጣሁ። በሳምንቱ ብሮውዘር ስከፍት መንቀርፈፍ ጀመረ። ገብቼ ሳይ 8 የነበረው ራም 4 ሆኗል! ተመልሼ ብሄድ «እንደዚሁ ነው ያመጣኸው» አለኝ። ማስረጃ የለኝም፣ ምን ልል? ያኔ ተበላሁ። ከዛ በኋላ ላፕቶፕ ለጥገና የምሰጠው የራሙን፣ የዲስኩንና የሲሪያል ቁጥሩን ፎቶ አንስቼ ነው፣ ከተቻለም እዛው ቁጭ ብዬ እያየሁ። ኤስኤስዲ መቀየር ዊንዶውስ መጫኑን ጨምሮ የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። «ነገ ና» የሚያሰኝ ነገር የለውም።

ራም ስትጨምሩ ሁለት ነገር ጠይቁ። ዓይነቱ ዲዲአር3 ነው ዲዲአር4? ዲዲአር4 በዲዲአር3 ቦታ አይገባም። ሁለተኛ፣ ክፍት ስሎት (የራም ማስገቢያ ቦታ) አለው ወይ? ይህም እዛው ታስክ ማናጀር ላይ ይታያል። ቀጫጭኖቹ፣ እነ ማክቡክ ኤር፣ እነ ኤክስ1 ካርበን፣ ራማቸው የተበየደ ነው፤ ሲገዛ የነበረው ነው እስከ መጨረሻው።

አሁን ወደ ከባዱ ጉዳይ። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን ነፃ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ተመዝግቦ ለአንድ ዓመት፣ እስከ ጥቅምት 3 ቀን 2019 ድረስ፣ የደህንነት ማሻሻያ ማግኘት ይቻላል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ በይፋ የሚቀበለው፣ ከጥቂቶች በቀር፣ ከኢንቴል 8ኛ ጀነሬሽን ጀምሮ ያለውን ነው፣ ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደህንነት ቺፕም ይፈልጋል። ሠፈር ያሉ ልጆች «እኔ እጭንልሃለሁ» ይሏችኋል። ይጭናሉም፣ ይሠራልም። ግን ማይክሮሶፍት ማሻሻያው እንደሚቀጥል ዋስትና አይሰጥም። ፊልም ለሚያይ ሰው ምንም አይደል፤ የድርጅት ሒሳብና የባንክ ገጽ ለሚከፍት ሰው ግን እኔ አልመክርም።

በዊንዶውስ ፈንታ የሚጫነው ሊኑክስስ? ሊኑክስ ሚንት በድሮ ማሽን ላይ ቆንጆ ይሄዳል፣ የአማርኛ ኪቦርድም አለው። ሥራችሁ ኢንተርኔትና ጽሑፍ ከሆነ ሞክሩት። ፒችትሪ ወይም ፓወር ግእዝ ላይ የተንጠለጠለ ሥራ ያለው ሰው ግን አይድከም፣ ሁለቱም የዊንዶውስ ናቸው።

እንግዲህ የእኔ ወሰን ይኸው፦ 8ኛ ጀነሬሽንና ከዚያ በላይ ከሆነ አድሱት፣ ዓይናችሁን አትሹ። 6ኛ ወይም 7ኛ ከሆነ ኤስኤስዲ ብቻ አስገብታችሁ አንድ ሁለት ዓመት ተጠቀሙበት፣ ራም ላይ ብር አታፍስሱ። 4ኛ ወይም 5ኛ ከሆነ ለልጆች መማሪያ ይሁን እንጂ ምንም አታውጡበት። የጥገናው ጠቅላላ ወጪ ደህና ዩዝድ ላፕቶፕ ከሚገዛበት ሲሶውን ካለፈም ተዉት።

«እሺ፣ አዲስ ልግዛ?» አዲስ ስትሉ ምን ማለታችሁ ነው? በካርቶን የታሸገ፣ ሽፋኑ የሚያብረቀርቅ፣ ሴለሮን የሚባል ደካማ ፕሮሰሰር፣ 4 ጊጋ ራምና 64 ጊጋ ኢኤምኤምሲ (ርካሽ ማስቀመጫ) ያለውን ከሆነ፣ እባካችሁ። ያ ማሽን ከእኔው ባለ ኤስኤስዲ ሼባ ይብሳል። ኢኤምኤምሲው ከቦርዱ ጋር ስለተበየደ ነገ አታሳድጉትም። አንድ ዘመዳችን ልጁ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ይህንን ነው የገዛለት፣ «አዲስ ነው» ብሎ ኮርቶ። ልጁ በመጀመሪያው ሴሚስተር ከጓደኛው እየተዋሰ ነው የሠራው።

በዚያ ብር የሚገዛው የተሻለው ነገር ከውጭ ድርጅቶች ተጠቅመውበት የሚመጣው ዩዝድ ነው። ሌኖቮ ቲንክፓድ ቲ480፣ ዴል ላቲቲውድ 7490፣ ኤችፒ ኤሊትቡክ 840 ጂ5፤ ሦስቱም በአብዛኛው 8ኛ ጀነሬሽን ናቸው። ከሦስቱ የእኔ ምርጫ ቲ480 ነው። ሁለት የራም ስሎት አለው፣ አንዱ ባትሪ ውስጡ ሆኖ ሌላው ከውጭ ይነቀላል፤ መብራት በሚሄድበት አገር ይህ ቀልድ አይደለም። ስሙ የሚመሳሰለው ቲ480ኤስ ግን አንዱ ራም የተበየደ ስለሆነ አትደናገሩ።

«ኮር አይ7 ነው!» የሚለው ጩኸት ደግሞ አያታልላችሁ። 6ኛ ጀነሬሽን ቀጭን ላፕቶፕ ላይ ያለው አይ7 ሁለት ኮር ብቻ ነው ያለው። 8ኛው ላይ ያለው አይ5 አራት ኮር አለው። ስለዚህ ከአይ7ና ከአይ5 በፊት ቁጥሩን ጠይቁ። 6600 ካለ 6ኛ፣ 8350 ካለ 8ኛ፣ 1135 ካለ 11ኛ ነው። ደላላው «ያው ነው» ካለ ያው አይደለም።

የት ይሻላል ለምትሉ፣ በእኔ ዙረት ያየሁት ይህን ይመስላል። መገናኛ፣ እነ ዘፍመሽና መተባበር አካባቢ፣ ሱቁ ስለተጠጋጋ በአንድ ሰዓት አሥር ቦታ ዋጋ ታወዳድራላችሁ፤ የመጀመሪያውን ዋጋ ግን ማንም አይከፍልም። ቦሌ ውድ ነው፣ በዚያው ልክ ደረሰኝና ዋስትና ሲጠየቅ ፊት የማይጠቁር ሻጭ የማገኘው እዛ ነው። መርካቶ ለቻርጀር፣ ለኬብል፣ ለኪቦርድ እሄዳለሁ፤ ላፕቶፕ ግን ዓይነቱን ከሚያውቅ ሰው ጋር ካልሆነ አልገዛም። ፒያሳ የለመድኩት ጠጋኝ ነበረኝ፣ ሠፈሩ ሲፈርስ ወዴት እንደሄደ እንጃ፣ ጎበዝ ነበር። ቴሌግራም ላይ ምርጫው የትየለሌ ነው። ደንቤ አንድ ነው፦ ቅድሚያ ክፍያ የለም። ዕቃውን አይቼ፣ አብርቼ፣ ፈትሼ፣ እዛው በቴሌብር እልካለሁ። «ሌላ ሰው እየመጣ ነው፣ ግማሹን ላክና ላስቀምጥልህ» ካለ ደህና ሰንብት።

ውጭ ዘመድ ያለው ሰው ደግሞ ዕድለኛ ነው፣ በጥራት ከሁሉም የሚበልጠው ይህ መንገድ ነው፣ ቢበላሽ ግን መመለሻ የለውም። ከጀርመን የመጣ ከሆነ ኪቦርዱ ላይ ዋይና ዜድ ቦታ ተቀያይረዋል፤ የአክስቴ ልጅ ያመጣልኝ ላይ ፓስወርዴን ሦስት ቀን ስሳሳት ነበር። ከአሜሪካ ከሆነ ሶኬቱ አይገባም፣ ቻርጀሩ ግን ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል ከሆነ አስማሚ ብቻ ይበቃዋል።

ሻጩ ፊት ምን ልፈትሽ? ዋናው ባዮስ፣ ማለትም ከዊንዶውስ በፊት የሚከፈተው የማሽኑ ማስተካከያ ገጽ ነው። አጥፍታችሁ አብሩና ባዮስ ውስጥ ግቡ፣ ፓስወርድ ከጠየቀ አትግዙ። የድርጅት ወይም የትምህርት ቤት ማሽን ሆኖ ከርቀት የተቆለፈ ሊሆን ይችላል፤ ኢንተርኔት አገናኝታችሁ ዊንዶውሱ የማታውቁትን ድርጅት ስም ካመጣም እንደዛው። ማክቡክ ከሆነ የቀድሞው ባለቤት አይክላውድ መውጣቱን ሳታዩ ብር አታውጡ። ባትሪውን በቃል አትመኑ፣ ፓወርሲኤፍጂ (powercfg) በሚለው ትዕዛዝ የባትሪ ሪፖርት አስወጡ፣ ከፋብሪካ ሲወጣ የነበረው አቅምና አሁን የሚይዘው ጎን ለጎን ተጽፎ ይመጣል። ከ60 በመቶ በታች ከሆነ የባትሪውን ዋጋ አስቀንሱ። ነጭ ገጽ ከፍታችሁ ስክሪኑን እዩ፣ እያንዳንዱን ፊደል ተጫኑ፣ ካሜራውን፣ ዋይፋዩን። ሻጩ ቢነጫነጭ ይነጫነጭ።

እህቴ አርክቴክቸር ተማሪ ናት፣ የእሷ ነገር ለየት ይላል። የሕንፃ ዲዛይን ፕሮግራሞቹ ሬቪትና ሉሚዮን ራሱን የቻለ ግራፊክስ ካርድና ቢያንስ 16 ጊጋ ራም ካልሆነ ያለቅሳሉ። ላፕቶፕ ላይ ግራፊክስ ካርድ አይጨመርም፣ ስለዚህ የድሮዋን ሸጠን ዩዝድ ዴል ፕሪሲዥን ገዛን። ከበድ ይላል፣ ትከሻዋን ያማታል፣ ግን ሬንደር ላይ ሌሊቱን ተጎልታ ማደሯ ቀርቷል። የመሥሪያ ቤቱን ሁለት ዴስክቶፖች ግን በኤስኤስዲ ብቻ አዳንናቸው፤ መብራት ሲጠፋ የሚይዝ ዩፒኤስ ካላቸው ዴስክቶፕ ለቢሮ ዛሬም ርካሹ ነው።

የወጣውን ሃርድ ዲስክ ለጠጋኙ አትተዉለት። ፎቶውም፣ ሰነዱም፣ ፓስወርዱም እዛ ውስጥ ነው። ትንሽ የውጭ ኬዝ ገዝታችሁ ክተቱት፣ መጠባበቂያ ኮፒ መያዣ ይሆናል። የእኔ 500 ጊጋ እንዲህ ሆኖ መሳቢያ ውስጥ አለ።

አሁን ተራው የእናንተ ነው፦ ለ840 ጂ3 ፎርጅድ ያልሆነ ባትሪ ያገኘ ሰው አለ? የእኔ 40 ደቂቃ ብቻ ነው የሚይዘው፣ ሁለት ሱቅ «ኦሪጅናል» ብለው ያሳዩኝ ደግሞ ስቲከሩ በጣት ሲፋቅ ይነሳል። የት እንደገዛችሁና ስንት ወር እንዳገለገላችሁ ጻፉልኝ።