ልጁ ጣቱን ቢከፍትም ብሎኩ አይለቅም፤ እርዱኝ

ጥያቄ፦ የቅዳሜዋ መምህርት፣ ጎንደር

እንዴት ሰነበታችሁ? ማራኪ ሰፈር ቅዳሜ ቅዳሜ ሕፃናት እናስነብባለን። ወንድሜ በሚዲያፓይፕ (እጅን ከካሜራ ምስል ላይ በሚለይ የኮድ መሣሪያ) የሠራውን የብሎክ ጨዋታ ላፕቶፕ ላይ ጭኖልኛል። ካሜራው ፊት አውራ ጣትና ሌባ ጣት ሲገጥሙ ስክሪኑ ላይ ያለው ብሎክ ይነሣል፣ ሲከፈቱ ይቀመጣል። እኔ ስሞክረው ሸጋ ነው። የአምስት ዓመቶቹ ግን ጣታቸውን ከፍተውም ብሎኩ ተጣብቆባቸው ይቀራል። ከሰዓት ደግሞ እጃቸውን ጭራሽ አያየውም። ወንድሜ መስክ ወጥቷል፣ ያለበት ኔትወርክ የለም። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ኮድ ለቃሚ

የከሰዓቱ ቀላል ነው። ልጆቹ ጀርባቸውን ለመስኮት ሰጥተው ነው አይደል የሚቀመጡት? ካሜራው ከኋላ የሚመጣውን ብርሃን አይቶ ምስሉን ያጨልመዋል፣ እጃቸው ጥላ ይሆናል። ጠረጴዛውን አዙሪው።

መጣበቁ ከኮዱ ነው። ሚዲያፓይፕ እጅ ላይ 21 ነጥብ ያወጣል፤ የአውራ ጣት ጫፍ ቁጥር 4፣ የሌባ ጣት ጫፍ ቁጥር 8 ነው። ወንድምሽ «የሁለቱ ርቀት ከዚህ ካነሰ ያዝ» ብሎ አንድ ቋሚ ቁጥር ሰጥቶት ይሆናል። የሕፃን እጅ ትንሽ ናት፤ ከካሜራው ራቅ ካለች ተከፍታም ከዚያ ቁጥር በታች ናት። ርቀቱን ከእጅ አንጓ (0) እስከ መሃል ጣት ሥር (9) ላለው ርዝመት አካፍይው። መያዣውና መልቀቂያውም አንድ ቁጥር አይሁን፤ እኔ 0.25 ሲደርስ አስይዤ 0.4 ሲያልፍ አስለቅቃለሁ።

መልስ፦ የአዘዞዋ እናት

እኔ ኮድ አላውቅም፣ ልጄን ግን አይቻለሁ። ክንዱን አንጠልጥሎ ጥቂት እንደቆየ ይደክመዋል፣ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ብሎኩ ይወድቃል፣ ከዚያማ ለቅሶ ነው። ክርናቸውን ጠረጴዛ ላይ ያስደግፉ፣ ቶሎ ቶሎ ተራ ይለዋወጡ። የእንጨቱንም ብሎክ አትንሽባቸው፤ የስክሪኑ አይከብድ፣ አይሻክር።

መልስ፦ ጠርጣራው

ካሜራውስ የልጆቹን ምስል የት ይልከዋል? ወላጅ ይጠይቅሻል።

መልስ፦ ኮድ ለቃሚ

ሚዲያፓይፕ እጁን የሚለየው እዚያው ላፕቶፑ ላይ ነው፤ ለዚያ ምስል ወደ ውጭ መላክ አያስፈልገውም። ወንድምሽ ራሱ የሚልክ ነገር ካልጨመረበት በቀር ማለቴ ነው፤ እሱን ጠይቂው።

የቅዳሜዋ መምህርት

ጠረጴዛውን አዞርኩት፣ እጃቸው ታየ። ኮዱ ውስጥ 40 የሚል ቁጥር አገኘሁ፤ እንዳልከው አካፍዬ ቀየርኩት፣ አሁን ይለቃል። አንዷ ግን የፋሲልን ግንብ ጀምራ አራቱ ማዕዘን ላይ ስትደርስ አኮረፈች፦ «ማማው ክብ ነው፣ ይኼ ሁሉ ብሎኬት ነው!» ክብ ብሎክ እንዴት ነው የሚጨመረው?