«ከሰዓት በኋላ የሚተኛ ከተማ ትልቅ ህልም የለውም» ተብለናል፣ ምን ትላላችሁ?

ኡሚ ጽሕፈት፦
ቅዳሜ እዚሁ ድሬዳዋ ለወጣት ነጋዴዎች የተዘጋጀው ስልጠና ላይ ነበርኩ። አሰልጣኙ ከአዲስ አበባ የመጣ ነው። ጥሩ ጥሩ ነገር ተናግሯል፣ አልክድም። መጨረሻ ላይ ግን «ከሰዓት በኋላ የሚተኛ ከተማ ትልቅ ህልም የለውም» አለን። እኔን ያናደደኝ እሱ አይደለም። እንግዳ ነው፣ ጠዋት መጣ፣ ሳይሞቅ ሄደ። ያናደደኝ አዳራሹ ሙሉ ማጨብጨቡ ነው። አቦ፣ ያጨበጨባችሁት ሰዎች ማክሰኞ በ8 ሰዓት የት ነበራችሁ?

ለማታውቁኝ፣ ሳቢያን ሰፈር የጽሕፈት መሣሪያና የፎቶ ኮፒ ቤት አለኝ። ድሮ ሁለት ነበር። ልጄን ከወለድኩ በኋላ አንዱን ዘጋሁት። አሁን ቀን ከ6 እስከ 10 ሰዓት ዘግቼ ቤት እገባለሁ፣ ማታ እስከ 3 እሰራለሁ። ወረቀት በጅምላ የማስመጣት ሀሳቤ ግን እዚያው አለ። ፈቃዱንም ጀምሬዋለሁ። ፍጥነቴን ቀነስኩ እንጂ ህልሜን አልቀነስኩም። ይሄ ስንፍና ከሆነ ንገሩኝ።

ከቦሌ የመጣሁ፦
እህቴ፣ ካጨበጨቡት አንዱ እኔ ነኝ። ደግሜም አጨበጭባለሁ። አንድ ማህተም ለማስመታት በ6 ሰዓት ከሩብ ደርሼ «ከ9 በኋላ ና» ተባልኩ። በ9 ሄድኩ፣ ባለማህተሙ አልገባም። በ10 ስመጣ ደግሞ «ነገ ጠዋት ይሻልሃል»። እስኪ አስቡት። ባቡር አላችሁ፣ ኤርፖርት አላችሁ፣ ጅቡቲ ጎረቤት ናት፣ ነጻ የንግድ ቀጠናው ከተመረቀ ከ2014 ጀምሮ እዚሁ ነው። ሌላ ከተማ ይሄን ቢያገኝ እንቅልፍ በዓይኑ አይዞርም ነበር።

ሲስተር ለገሃሬ፦
ጅቡቲ እኮ ራሷ ከሰዓት ትተኛለች! ጫቱ ከኛ ሄዶ እኩለ ቀን ላይ ሲገባ ከተማው ጸጥ ነው። እዚያ የሄደ ያውቀዋል።

ከቦሌ የመጣሁ፦
ሰው ይተኛ ይሆናል። ወደቡ ግን አይተኛም፣ በፈረቃ ነው የሚሰራው። ልዩነቱ እሱ ነው።

ባለ ባጃጅ፦
እኔ የገረመኝ የኡሚ ነገር ነው። «ፍጥነቴን ቀነስኩ እንጂ ህልሜን አልቀነስኩም»። ቆንጆ ነው፣ ባጃጅ ጀርባ ላይ ይጻፋል። ግን ቤት ውስጥ ሌላ ደሞዝ ያለው ሰው ካለ ነው ፍጥነት የሚቀነሰው። እኔ ለባለቤቱ የቀኑን ገቢ ካላስገባሁ ነገ ቁልፉን ለሌላ ልጅ ይሰጠዋል። ነዳጅ ሰልፍ ላይ የቆምኩበት ሰዓት ደግሞ ከዚያው ላይ ይነሳል። እስኪ እኔ ልቀንስ፣ ማን ይከፍልልኛል?

ኡሚ ጽሕፈት፦
የባሌን ደሞዝ ማን ነገረህ ደግሞ? ወላሂ ግሩፕ ላይ የሰው ኪስ መቁጠር አይሰለቻችሁም። የዘጋሁት ተመችቶኝ መሰለህ? ደብተሬን ገልጬ አየሁት። ከ6 እስከ 10 ባለው ጊዜ የምሸጠው አንድ እስክሪብቶ፣ ሁለት ደብተር ነው። የብረት መዝጊያውን በእጅህ ብትነካው ያቃጥልሃል። ፎቶ ኮፒው ግሎ ወረቀት ይበላል፣ ጠርዙ ጥቁር እየሆነ ይወጣል፣ ደንበኛው «ድገሚልኝ» ይላል፣ ቶነሩ የኔ ነው። ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ ግን ተማሪው ይጎርፋል። እስከ 3 ሰዓት ቁጭ አልልም። ሳይሸጥ ቁጭ ብሎ መዋል ትጋት ከሆነ፣ እሺ፣ ሰነፍ ነኝ።

ባለ ባጃጅ፦
ለምን ተቆጣሽ? ኪስሽን አልቆጠርኩም። ቅነሳ ለሁሉም አይደርስም ነው ያልኩት።

ሸሚንደፈር፦
ልጆች፣ እኔ ምድር ባቡር ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። የዚህ ከተማ ታሪክ ተረስቷል መሰለኝ። ሐዲዱ ከጅቡቲ መዘርጋት የጀመረው በ1897 እ.ኤ.አ. ነው። እዚህ የደረሰው በ1902። ከዚያ ቆመ። ኩባንያው ከሰረ፣ ሌላ ኩባንያ ተቋቋመ፣ አዲስ አበባ የገባው በ1917። ለዓመታት መጨረሻው ድሬ ነበር። ወርክሾፑ፣ ከዚራ ሰፈር፣ ዛፉ፣ ሁሉም ባቡሩ እዚህ ስለቆመ የመጣ ነው። መቆም መቅረት ቢሆን እኛም ባልኖርን ነበር። ለአሰልጣኙ ይሄን ንገሩልኝ።

ከቦሌ የመጣሁ፦
ጋሼ፣ እርስዎ ያሉት ታሪክ ደስ ይላል። ግን ባቡሩ የቆመው ብር አልቆበት ነው እንጂ እረፍት ፈልጎ አይደለም!

ሸሚንደፈር፦
መጀመሪያ «እርስዎ» አትበለኝ። እዚህ አባትም አንተ ነው፣ ለምደው። ሁለተኛ፣ ብር አልቆበትም ቢሆን አዲስ አበባ እገባለሁ ያለውን አልተወም። ገባ። እኔ የምለው እሱን ነው።

ጀጎል፦
የሚገርመው አንዱን ነገር ዘለላችሁት። መጀመሪያ የታሰበው ባቡሩ ሐረር እንዲገባ ነበር። ዳገቱ ወጪ አበዛ ተባለና ሜዳ ላይ ቀረ። ድሬ ማለት ዳገት የፈራ ባቡር የወለዳት ከተማ ናት። ታዲያ ከሰዓት ብትተኛ ምን ይገርማል? ሃሃሃ።

ባለ ባጃጅ፦
እናንተ ደጋ ላይ ነፋሻ አየር እየበላችሁ ስለ ሙቀት አታውሩ። ሰኔ ላይ ውረድና ደቻቱ ወንዝ አሸዋው ላይ በ8 ሰዓት ቁም፣ ከዚያ እናወራለን።

ጀጎል፦
እኛም እኮ አንቸኩልም፣ አልካድንም። የሐረር ቡና ሳይታጠብ ነው ከነገለባው ፀሐይ ላይ የሚሰጣው። ሳምንታት ይፈጃል። አሰልጣኙ መጥቶ ፀሐይዋን ያፍጥናታ።

ኡሚ ጽሕፈት፦
ያ ቡና ደግሞ ራሱን አያደርቅም። ሰው ቆሞ ያገላብጠዋል፣ ማታ ይሸፍነዋል። እሱም ስራ ነው። እኔ ስቀንስ ስራ አቆምኩ አላልኩም።

አድሚን፦
ከአሁን በኋላ «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ብሎ የሚጽፍ ሰው ከግሩፑ ይወጣል። ሁለት ሰው በውስጥ ልኮልኛል። በቃ።

ማርሽ ቀያሪ፦
ስለ ፍጥነት እየተወራ ምሩፅ ይፍጠር ሳይነሳ? ሞስኮ 1980 እ.ኤ.አ.፣ 5 ሺህም 10 ሺህም ወርቅ። ከፊት እየመራ አይደለም ያሸነፈው። ከኋላ፣ ከመሀል ይውላል፣ 300 ሜትር ሲቀረው ማርሽ ይቀይራል፣ አለቀ። ከዚያ በፊት ሙኒክ 1972 ላይ በ10 ሺህ ነሐስ አመጣ፣ 5 ሺሁ ሳይሮጠው አለፈው። 1976 ደግሞ ሀገራችን ኦሊምፒኩን ቀረች። ስምንት ዓመት! ኡሚ ያለችው ይሄ ነው። ጉልበት ማባከን ሌላ፣ ህልም መያዝ ሌላ።

ከቦሌ የመጣሁ፦
ምሩፅ ከኋላ ይሮጥ ነበር እንጂ ከኋላ አልተኛም ወንድሜ። በመሀል ሲለማመድ ነው የቆየው። ያንን «ፍጥነት ቀነሰ» ልትለው ነው?

ማርሽ ቀያሪ፦
የልምምዱን ነገር አንተ አታውቀውም። ሯጭ በየቀኑ ሙሉ ኃይሉን አይሮጥም። ከባዱ ቀን አለ፣ በማግስቱ ሶምሶማ ነው። በየቀኑ ከባድ የሰራ ብዙ ሳይቆይ ጉዳት አግኝቶት ቤቱ ቁጭ ይላል። ማንኛውንም አሰልጣኝ ጠይቅ። የሩጫውን ማለቴ ነው፣ የአዳራሹን አይደለም።

ሲስተር ለገሃሬ፦
እኔ ከሙያዬ ልናገር። የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም ሥራ ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. አንድ ላይ ያወጡት ጥናት አለ። በሳምንት 55 ሰዓትና ከዚያ በላይ የሚሰራ ሰው፣ ከ35 እስከ 40 ከሚሰራው ጋር ሲነጻጸር፣ በስትሮክ የመመታት ዕድሉ በ35 በመቶ ይጨምራል። በልብ ህመም የመሞት ዕድሉ ደግሞ በ17 በመቶ። በኛ ሀገር የግፊት መድኃኒቱን ጀምሮ የሚያቋርጠው ሰው ብዛት ሲጨመርበት አስቡት። «ጊዜ የለኝም» ነው የሚሉኝ። ከመጀመሪያውም ያሳመማቸው ይሄው ጊዜ ማጣት ነው።

ባለ ባጃጅ፦
እኔ በቀን 14 ሰዓት፣ በሳምንት 6 ቀን። 84 መጣ። ሲስተር፣ እኔ እንግዲህ ሞቼ ነው የምጽፍልሽ?

ሲስተር ለገሃሬ፦
አትቀልድ። ነገ መጥተህ ግፊትህን ተለካ።

የሰው ኃይል፦
ህጉን ማንም አላነሳውም። የአሰሪና ሰራተኛ አዋጅ 1156/2011 ላይ መደበኛው ስራ በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት ነው። የመጀመሪያው ዓመት ፈቃድ 16 የስራ ቀን ነው። «ፈቃዴን አልፈልግም» ብሎ ሰራተኛ ቢፈርም እንኳ ፊርማው ዋጋ የለውም። ህግ አውጪው ያወቀው ነገር አለ ማለት ነው። እኔ ጋ ግን ፈቃድ የማይወስደው ሰው ነው የሚሞገሰው። «ጀግና ነው፣ ሁለት ዓመት አላረፈም» ይባላል። ጀግናው ሰነድ አሳስቶ አስገብቶ አንድ ሳምንት ሙሉ ስናስተካክል ከርመናል።

ባለ ባጃጅ፦
አዋጁ ባጃጅን ያውቃታል?

የሰው ኃይል፦
ተቀጣሪ ከሆንክ።

ባለ ባጃጅ፦
በቃ አያውቀኝም። ቀጥሉ።

አባ ገራባ፦
ሁላችሁም ዙሪያ ጥምጥም ትሄዳላችሁ። እንቅልፍ እንቅልፍ ትላላችሁ፣ ማን ተኛ? በርጫ ነው፣ ጫት መቃም ነው በሉና እንለፍ። ሰው ከ7 ሰዓት እስከ 11 ፍራሽ ላይ ነው። በምርቃና ፋብሪካ ያልገነባ የድሬ ልጅ የለም። ጠዋት ፋብሪካው የለም። አሰልጣኙ በጨዋነት «ይተኛል» አለ እንጂ ያየው በርጫችንን ነው።

ኡሚ ጽሕፈት፦
እኔ አልቅምም። ልጅ አስተኝቼ ሂሳብ ነው የምሰራው። ከነሱ ጋር አንድ ላይ አትጨፍልቁኝ።

ጀጎል፦
በርጫ ላይም ስራ ይሰራል። ዕቃው የሚሸጠው፣ ዱቤው የሚከፈለው፣ የተጣላው የሚታረቀው እዚያ ነው። ቢሮ ውስጥ ኮት ለብሶ ሲሆን «ስብሰባ» ይባላል።

አባ ገራባ፦
የሚታረቀው ከተጣላው ያንሳል። እኔ እዚያው ነኝ፣ አትንገረኝ።

ከቦሌ የመጣሁ፦
ይኸው! ከራሳችሁ ሰው አፍ ወጣ። እኔ ስለው ግን «እንግዳ ነህ» ትሉኛላችሁ።

ሸሚንደፈር፦
አባ ገራባ የኛ ነው፣ ይሳደባል። አንተ ገና ሁለተኛ ሙቀትህን አልጨረስክም። ደግሞ እኛ ምድር ባቡር ሳለን ከሰዓት እረፍት ነበረን፣ ማታ ደግሞ ባቡሩ ይገባል፣ ይወጣል። ሁለቱም በሰዓቱ ነው። ችግሩ እረፍቱ አይደለም። ባለማህተሙ በ9 እመጣለሁ ብሎ በ10 አለመምጣቱ ነው። እሱን ተናገር፣ አብሬህ እጮሃለሁ። ከተማውን ሁሉ ግን ህልም የለውም አትበል።

ከቦሌ የመጣሁ፦
እኔ አላልኩም፣ አሰልጣኙ ነው ያለው።

ሸሚንደፈር፦
አጨብጭበሃል።

ባለ ባጃጅ፦
ኡሚ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽና አትቆጪ። ሁለተኛው ሱቅ ላይ አንዲት ልጅ ነበረች፣ እዚሁ ታይዋን ገበያ አካባቢ። ስትዘጊው እሷ የት ሄደች? ያንቺ ፍጥነት ሲቀንስ የሷ ምን ሆነ?

ኡሚ ጽሕፈት፦
እሱን ባላነሳኸው ይሻለኝ ነበር። ሌላ ሱቅ አስገብቻታለሁ፣ ራሴ ነኝ ያነጋገርኩላት። ደሞዟ ግን እኔ ጋ ከነበረው ያንሳል። ወረቀቱ ሲገባ የምጠራት እሷን ነው፣ ተነጋግረናል።

ባለ ባጃጅ፦
መቼ?

ኡሚ ጽሕፈት፦
ፈቃዱ ሲያልቅ አልኩህ እኮ። ልጄም ትንሽ ከፍ ትበልልኝ። ዓመት ሊሆን ይችላል፣ ሁለትም። ያኔ እሷ ሌላ ቦታ ተመችቷት አልመጣም ካለችኝም መብቷ ነው። አሁን ሁለቱንም ልያዝ ብዬ ሁለቱንም ባበላሽ ማን ይጠቀማል?

የሰው ኃይል፦
ይሄ ግን ጥሩ ጥያቄ ነው። አለቃ ሲያርፍ ሰራተኛው ደሞዝ ያጣል። ጽሑፎቹ ሁሉ ላረፈው ነው የሚጻፉት።

ማርሽ ቀያሪ፦
ታዲያ እናቲቱ እስክትወድቅ ትስራ? የወሊድ ፈቃድ 120 ቀን ነው በህግ። ለሱቅ ባለቤት ማን ይሰጣታል? ራሷ ለራሷ ሰጠች፣ በቃ።

ከቦሌ የመጣሁ፦
ዓመት ወይ ሁለት ዓመት ስትል ወረቀቱን ሌላ ሰው ያስመጣዋል። ገበያ አይጠብቅም። ያኔ «ህልሜን አልቀነስኩም» ማለት ምን ይጠቅማታል?

ኡሚ ጽሕፈት፦
ያምጣው! ድሬ አንድ ወረቀት አስመጪ ብቻ ነው የሚበቃት? ሳቢያን ላይ ብቻ ስንት ትምህርት ቤት እንዳለ ታውቃለህ?

ከቦሌ የመጣሁ፦
ፈቃዱን የሚሰጠውም ቢሮ ከ9 በኋላ ነው የሚገባው፣ በርቺ።

ጀጎል፦
ይሄ ሰውዬ ማህተሙን እስኪያገኝ አይተወንም።

ሲስተር ለገሃሬ፦
ባለ ባጃጅ፣ ነገ ትመጣለህ ወይ? አልመለስክልኝም።

ባለ ባጃጅ፦
ሰልፍ ላይ ነኝ ሲስተር። ነዳጁን ልቅዳ መጀመሪያ።